ከሥራ ሲቀነሱ ከማን ጋር መሰባሰብ ይሻላል? ለከተማ ዳር ነዋሪ የንጽጽር መመሪያ

ከቦሌ አራብሳ ወደ መገናኛ በጠዋት ከሚሳፈረው ሰው መካከል ወደ ሥራ የማይሄድም አለ። መቀነሱን ጎረቤት እንዳይሰማበት በለመደው ሰዓት ይነሳል፣ ሸሚዙን ይተኩሳል፣ ሰልፍ ይዞ ከተማ ይወርዳል፤ ሲመሽ ከሠራተኛው ጋር ተጋፍቶ ይመለሳል። በየካ አባዶም፣ በቱሉ ዲምቱም፣ በኮዬ ፈጬም ያው ነው። ይሉኝታው ይገባኛል። ግን እንዲህ ሆኖ የሚያልፍ ወር ሰውን በሁለት በኩል ይጎዳል። ከስንብት ክፍያው ላይ በየቀኑ ትራንስፖርት ይነሳል፣ ሥራ ሊጠቁሙት የሚችሉት ሰዎች ደግሞ ሥራ እየፈለገ መሆኑን አያውቁም።

በአገራችን ሥራ ላጣ ሰው በየወሩ የሚከፈል የሥራ አጥነት መድን የለም። ይህን ጊዜ የምንሻገረው በሰው ነው። እኔም በ2017 ዓ.ም. የውጭ እርዳታ ሲቋረጥ ከተዘጉት ፕሮጀክቶች በአንዱ እሠራ ስለነበር፣ ከዚህ በታች የማነጻጽራቸውን አብዛኞቹን ከውስጥ ሆኜ አይቻቸዋለሁ። ሁሉም ጥሩ ሰዎች ያሉባቸው ናቸው፤ የሚጠቅሙበት ነገርና ጊዜ ግን ይለያያል።

እኔ የምለካቸው በሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ እዚያ ተቀምጦ «ከሥራ ተቀንሻለሁ» ማለት ይቻላል ወይ? ይህን መደበቅ ያለባችሁ ስብስብ ምንም ያህል ሞቅ ያለ ቢሆን ለአሁኑ ችግራችሁ አይሆንም። ሁለተኛ፣ ለመድረስና ለመቆየት ስንት ያስወጣል? መሀል ከተማ ለሚኖር ሰው ይህ ቀላል ነው፤ ከዳር ለሚመጣ ግን ደርሶ መልስ ታክሲና ባጃጅ፣ እዚያ ሲደርሱ የሚከፈል ሻይ፣ ለልጅ ጠባቂ የሚሰጥ ሲደመር የቀን ወጪ ነው። ሦስተኛ፣ አብረዋችሁ ያሉት ሰዎች የሚወዳደሩት እናንተ በምትወዳደሩበት ማስታወቂያ ላይ ነው ወይስ በሌላ?

የቀድሞ ባልደረቦች

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከዚህ የሚሻል የለም፤ ምክንያቱም የሕግ ጉዳይ አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለተቀነሰ ሠራተኛ የሚሰጠውን ብቻውን አስልቶ የሚደርስበት ሰው ጥቂት ነው። አብረው የተቀነሱ ሰዎች ደብዳቤያቸውን ጎን ለጎን ሲያስቀምጡ ግን የማን ሒሳብ እንደጎደለ ወዲያው ይታያል።

ዋና ዋናውን ልንገራችሁ። የሙከራ ጊዜውን ጨርሶ በቅነሳ ለሚሰናበት ሠራተኛ የ2 ወር ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል። የስንብት ክፍያው ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ነው፤ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ ሲሶ ይጨመራል፤ ድምሩ ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። ስንብቱ በቅነሳ ከሆነ በዚህ ላይ የ60 ቀን ደመወዝ ይታከላል። በቀን 400 ብር የሚታሰብለት፣ 4 ዓመት ያገለገለ ሰው ለመጀመሪያው ዓመት 12,000፣ ለቀሩት ሦስት ዓመታት 12,000፣ በቅነሳው ምክንያት 24,000፣ በድምሩ 48,000 ብር ይደርሰዋል ማለት ነው። ያልወሰደው የዓመት ፈቃድ ለብቻው ይታሰባል። ክፍያው በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መፈጸም አለበት። ስንብቱ ሕገ ወጥ ነው፣ ወደ ሥራዬ ልመለስ የሚል ሰው በ3 ወር ውስጥ ካልጠየቀ በይርጋ፣ ማለትም የመጠየቂያ ጊዜው በማለፉ፣ ይታገዳል። ውላችሁ ለተወሰነ ሥራ ወይም ለአንድ ፕሮጀክት ብቻ የተፈረመ ከሆነ ሒሳቡ ሌላ ስለሚሆን ደብዳቤውን ይዛችሁ ሕግ የሚያውቅ ሰው አማክሩ።

ባልደረቦች ለሌላም ይጠቅማሉ። የሥራ ልምድ ማስረጃ ላይ የሥራ መደቡ በትክክል መጻፉን፣ ከደመወዛችሁ የተቆረጠው 7 በመቶና አሠሪው የሚጨምረው 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ መግባቱን አብሮ መከታተል ይቀላል። ማስረጃውን ፈርሞ የሚሰጠው ኃላፊ ራሱ ሳይለቅ አግኙት፤ ድርጅቱ ጨርሶ ከተዘጋ በኋላ ማኅተም ያለው ሰው መፈለግ ትልቅ ልፋት ነው።

ከአንድ ሁለት ወር በኋላ ግን ነገሩ ይቀየራል። ሁሉም አንድ ዓይነት ሙያና አንድ ዓይነት ልምድ ስላላቸው አንድ ጥሩ ማስታወቂያ ሲወጣ ግሩፑ ዝም ይላል። ማንም ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ቦታው አንድ፣ ፈላጊው ብዙ ስለሆነ ነው። ከዚያ የሚቀረው ወሬ ስለ ድሮው አለቃ ይሆናል። መጀመሪያ ላይ ይህን አውርቶ ማውጣት ያስፈልጋል፤ በየቀኑ ሲደጋገም ግን በማግስቱ ማመልከቻ ለመጻፍ እጅ ያስራል። ወጪውም አለ፤ አንዱ ከሰበታ፣ ሌላው ከለገጣፎ፣ ሌላው ከጀሞ ተነስቶ መሀል ላይ ለመገናኘት የሚወጣው ትንሽ አይደለም። ስለዚህ ግሩፑን ለወረቀትና ለሪፈረንስ ያዙት፤ አትውጡ፣ ድምፁን ግን ዝጉት።

በሰፈር የሚሰበሰብ ትንሽ ቡድን

ምርጫዬ ይህ ነው፤ ብዙ ሰው የማይሞክረውም ይህንኑ ነው። ከአራት እስከ ስድስት የሚሆኑ፣ ሥራ እየፈለጉ ያሉ፣ በእግር የሚገናኙ፣ ሙያቸው የተለያየ ሰዎች። የእኛ የጀመረው ከአንድ ብሎክ በሁለት ሰው ነው። አሁን አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ፣ አንድ ሾፌር፣ አንዲት ነርስ፣ አንዲት ከልብስ ስፌት ፋብሪካ የተቀነሰች ሱፐርቫይዘርና እኔ ነን። እኔ ሥራ ይዣለሁ፤ ቅዳሜ ረፋድ ግን አልቀርም።

ሙያው መለያየቱ ብዙዎች እንደሚያስቡት ድክመት አይደለም። ነርሷ የሾፌር ማስታወቂያ ስታይ የምትደብቅበት ምክንያት የላትም። ሾፌሩ ክሊኒክ በር ላይ የተለጠፈ ነገር ካየ በስልኩ አንስቶ ይልካል። ሪፖርተር ረቡዕና እሑድ ሲወጣ አንድ ሰው ይገዛል፣ ገጾቹን ሁሉም ያያል።

ከዳር ለምንኖር ሰዎች ግን ትልቁ ትርፍ ሌላ ነው። ብዙ ማስታወቂያዎች አሁንም «ማስረጃችሁን ፎቶ ኮፒ በአካል አቅርቡ» ይላሉ። በቡድኑ ውስጥ በዚያ ቀን ከተማ የሚወርድ ሰው የአምስቱንም ፖስታ ይዞ ይሄዳል። አንዳንድ መሥሪያ ቤት በሌላ ሰው እጅ የመጣ አይቀበልም፤ አስቀድሞ ደውሎ መጠየቅ ነው። በሌላ ሰው የሚላከው ኮፒ ብቻ ነው፤ ዋናው ዲግሪና የልምድ ደብዳቤ ከቤት አይወጣም። ልጅ ያላቸው እናቶች ደግሞ የኢንተርቪው ቀን ልጁን እዚያው ብሎክ ውስጥ ጥለው ይሄዳሉ። ለልጅ ጠባቂ አጥታ ፈተና የቀረች ሴት አውቃለሁ፤ ፎቅ ወርዶ ልጅ የሚቀበል ሰው ያኔ ቢኖራት ኖሮ አትቀርም ነበር።

ስብሰባው ራሱ ምን ይመስላል? እያንዳንዱ ሰው በሳምንቱ ምን እንዳስገባ፣ ምን መልስ እንደመጣ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ምን እንደሚያስገባ ይናገራል። ከዚያ አንድ ሲቪ በስልክ ላይ ከፍተን አብረን እናነባለን። ሙያውን የማያውቅ ሰው ማንበቡ ጥሩ ነው፤ እሱ ያልገባውን ሲቪ መጀመሪያ የሚያገላብጠው የሰው ኃይል ሠራተኛም ላይገባው ይችላል። ቀጥሎ ኢንተርቪው እንለማመዳለን።

ሱፐርቫይዘሯ በ2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ምርቷን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከምታስገባበት የአጎዋ ዕድል ስትሰረዝ ትእዛዝ ከቀነሰባቸው ፋብሪካዎች በአንዱ ውስጥ ነበረች፤ እስከ መጨረሻው ቆይታ ተቀነሰች። «ከቀድሞው ቦታ ለምን ለቀቅሽ?» ስትባል ድምጿ ይሰበርና ስለ ስብሰባው፣ ስለ አለቃዋ፣ በር ላይ ባጇን ስለተቀበላት ጥበቃ ትተርካለች። ሾፌሩ ሶፋው ላይ እንደ ጠያቂ ተስተካክሎ ተቀመጠና እያስቆመ ደጋግሞ ጠየቃት።

«በቃኝ ጋሼ፣ ደከመኝ።»

«አንድ ጊዜ ብቻ ልጄ። ጥበቃውን ተይውና ንገሪኝ።»

መልሷ በመጨረሻ ይህ ሆነ፤ «ፋብሪካው ትእዛዝ ስለቀነሰበት ሠራተኛ ቀነሰ፣ እኔ የምመራው መስመርም ተዘጋ። እስከዚያ ቀን ድረስ የመስመሩን ሥራ የማስረክበው በሰዓቱ ነበር።» ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው። ማንንም አይከስም፣ እሷንም አያሳንስም። ይህን መልስ ብቻዋን ቤት ተቀምጣ ታገኘው ነበር ብዬ አላምንም።

ድክመቱንም ማወቅ አለባችሁ። ቡድኑ በቀላሉ ይፈርሳል። አንዱ ሥራ ሲያገኝ የቀሩት ይቀዘቅዛሉ፤ ወይም መስተንግዶው ይከብዳል። እኛ ቡናው ላይ ቆሎ ብቻ ይቀርባል ብለን ወስነናል፤ ዳቦና ፈንዲሻ ሲጨመር ተረኛው ማፈር ይጀምራል፣ ከዚያ መቅረት ይመጣል። ሁለተኛው ደንባችን በመካከላችን ብር አንበዳደርም የሚል ነው። ጨካኝ ይመስላል፣ ግን የተበደረ ሰው በሚቀጥለው ቅዳሜ አይመጣም። ለተቸገረ ዱቄትም ዘይትም እንካፈላለን፤ ያ ሌላ ነገር ነው።

እድር

እድር ሥራ ላያስገኝ ይችላል። መውደቅን ግን ያቆማል። ስለዚህ ሌላ ሁሉ ወጪ ሲቆረጥ የእድሩ መዋጮ መጨረሻ ላይ የሚቆረጥ ይሁን። ገቢ በሌለበት ወር ቤት ውስጥ ሐዘን ቢገባ ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ ገንዘቡን ይዞ የሚደርስ ሌላ የለም።

እንደ መረዳጃ ቡድን ስናየው ጉድለት አለው። የሚሰበሰበው በወር አንዴ ነው፣ ሰው ይበዛል፣ የግል ጭንቀት የሚወራበት አይደለም። ግን ጸሐፊውን ወይም ዳኛውን ለብቻ ማነጋገር ይቻላል፤ ዋጋውም ትልቅ ነው። «ጋሼ፣ ከሥራ ተቀንሻለሁ። መዋጮዬን አላቋርጥም፤ ከዘገየሁ ቅጣት እንዳይጻፍብኝ ለኮሚቴው ይንገሩልኝ» ማለት በቂ ነው። ይህን ቀድሞ የነገራቸውን ሰው የሚያሳፍሩ የእድር ሽማግሌዎች እኔ አልገጠሙኝም፤ ሦስት ወር ጠፍቶ በቅጣት የሚመጣውን ግን ደንቡ ራሱ አያልፈውም። ሌላው ነገር፣ እነዚህ ሽማግሌዎች በአካባቢው ማን መጋዘን እንደከፈተ፣ የትኛው ትምህርት ቤት ሒሳብ ሠራተኛ እንደሚፈልግ፣ የማን ሕንፃ ጥበቃ እንደለቀቀ ጋዜጣ ላይ ሳይወጣ ይሰማሉ። ካልነገራችኋቸው ግን ማንን ብለው ይጠቁሙ?

እቁብ ከዚህ ጋር አይምታታ። በዚህ ጊዜ አዲስ እቁብ አትግቡ። ቀድሞ የገባችሁበት ካለና ዕጣ ካልወጣላችሁ ዳኛውን አሁኑኑ አነጋግሩ፤ ዕጣ የወጣለት ሰው እንዲለውጣችሁ መጠየቅ የተለመደ ነው። ከበላችሁ ደግሞ ከስንብት ክፍያው የቀረውን ዙር ለይታችሁ አስቀምጡ።

ማኅበርና ጀመዓ

የጽዋ ማኅበር፣ ሰንበቴ፣ የመስጊድ ጀመዓ፣ የቸርች የቤት ለቤት ኅብረት፤ እነዚህ ለነፍስ ናቸው፣ ይህን ደግሞ አቅልዬ አላየውም። ሌሊት እንቅልፍ አጥቶ የሚያድር ሰው በሳምንት አንዴ የሚጸልይለት ሰው ማግኘቱ ቁም ነገር ነው። በሦስቱ መለኪያዎች ሲታዩ ወጪያቸው ትንሽ ነው፣ ውድድር የለም፣ መናገርም ይቻላል። የሚጎድላቸው የሳምንቱን ማመልከቻ የሚጠይቃችሁ ሰው ነው፤ «እግዚአብሔር ያውቃል» ወይም «አላህ ያውቃል» ብሎ የሚያጽናና እንጂ «ረቡዕ የወጣውን አስገባህ ወይ?» የሚል አይኖርም። የጽዋ ማኅበር ተራችሁ ከደረሰ ደግሞ ድግሱን በብድር አትደግሱ። ተራ መለዋወጥ ነውር አይደለም፤ ለሙሴው (ለማኅበሩ መሪ) ወይም ለአንድ ታላቅ አባል ቀድሞ መንገር ብቻ ነው።

ቴሌግራም

በሺዎች የሚቆጠር ተከታይ ያለው የሥራ ማስታወቂያ ቻናል መረጃ ይሰጣል እንጂ ጓደኛ አይሆንም። ቀኑን ሙሉ ሲከታተሉት መዋል ሥራ የመፈለግ ስሜት ይሰጣል፤ ሲመሽ ግን አንድም ማመልከቻ አልተላከም። ጠዋት አንዴ፣ ማታ አንዴ ማየት ይበቃል። «ለመመዝገቢያ»፣ «ለዩኒፎርም»፣ «ለሥልጠና» እያለ አስቀድሞ በቴሌብር ብር የሚያስልክ ማስታወቂያ ካጋጠማችሁ አትላኩ፤ ለቡድናችሁም አሳዩ። አንድ ሰው ብቻውን ሲያየው ተስፋ የሚመስለው ነገር አምስት ሰው ሲያየው ማጭበርበሩ ይታያል።

ወረዳ

የወረዳው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት የመረዳጃ ቡድን አይደለም፣ ስለዚህ ብዙ አልልበትም። ግን ሥራ ፈላጊ ሆኖ መመዝገብ ለሥልጠናና ለአንዳንድ ዕድሎች በር ስለሚከፍት ይደረግ። ለዳር ነዋሪ እንቅፋቱ መታወቂያ ነው፤ ተከራይቶ የሚኖር ሰው መታወቂያው የቀድሞ ሰፈሩ ወረዳ ላይ ይቀራል፣ በለገጣፎ፣ በቡራዩ ወይም በሰበታ የሚኖረው ደግሞ አገልግሎት የሚያገኘው ከሸገር ከተማ ነው። የትኛው መስኮት እንደሚያስተናግድ ቀድሞ የሄደ ጎረቤት ጠይቃችሁ ሂዱ። እግረ መንገዳችሁን የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ምዝገባ መቼ እንደሆነ ጠይቁ፤ የመሥሪያ ቤት ሕክምና ሲቋረጥ ቤተሰቡ ያለ ሽፋን ይቀራልና።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ተደራጅቶ ብድር ወስዶ የራስን ሥራ መጀመር ጥሩ መንገድ ሊሆን ይችላል፤ ከቅነሳ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሳምንታት፣ ገና በቅጡ ካልተዋወቋችሁት ሰው ጋር ግን አታድርጉት። ሥራ ፍለጋ አብራችሁ ብዙ ቅዳሜ ካሳለፋችሁ በኋላ ማን ሰዓት እንደሚያከብር፣ ማን ቃሉን እንደሚጠብቅ ታውቃላችሁ።

እንግዲህ ማን የቱን ይያዝ?

የስንብት ደብዳቤው ገና አሁን ከደረሳችሁ፣ ባልደረቦቻችሁን አሁኑኑ ሰብስቡና ሒሳቡን አስተያዩ፤ የ3 ወሩ ጊዜ እንዳያልፋችሁ። ክፍያችሁን ተቀብላችሁ ቤት ከዋላችሁ፣ የሰፈሩን ቡድን ጀምሩ። የስንብት ብሩ እያለቀ ከሆነ መጀመሪያ ወደ እድሩ ጸሐፊ፣ ቀጥሎ ወደ እቁቡ ዳኛ ሂዱ፤ ሲቪው በሚቀጥለው ቀን ይደርሳል። ለሰፈሩ አዲስ ከሆናችሁና ማንንም ካላወቃችሁ፣ ለምሳሌ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ደርሷችሁ በቅርቡ የገባችሁ ከሆነ፣ በማኅበሩ ወይም በጀመዓው በኩል ግቡ፤ እዚያ ከተዋወቃችሁት ሰው አንዱ ሥራ ፈላጊ መሆኑ አይቀርም። ከቤት መውጣት የማትችሉ የሕፃን እናት ከሆናችሁ ቡድኑ እናንተ ቤት ይሰብሰብ፤ ቡናውን ሌላው ይዞ ይምጣ።

ቡድን ለመጀመር የሚከብደው የመጀመሪያውን ሰው ማነጋገር ነው። ብዙ ጊዜ ይህ ሰው ሩቅ አይደለም። በሥራ ቀን በአራት ሰዓት ልብስ የምታሰጣ ጎረቤት ትኖራለች፣ ወይም ልጅ ከትምህርት ቤት ለመመለስ በድንገት አባትየው ራሱ መምጣት የጀመረበት ቤት ይኖራል። «አንተም ተቀነስክ?» ብላችሁ አትጠይቁት፤ ያፍራል። ስለ ራሳችሁ ንገሩት፤ «እኔ ተቀንሼ ሥራ እየፈለግሁ ነው፤ ሲቪዬን የሚያይልኝ ሰው ፈልጌ ነበር» በሉት። ሊረዳችሁ ይመጣል፣ ከዚያ የራሱን ያወጣዋል።

ቡድን የማይሸከመውም አለ። አንድ አባል ለሳምንታት እንቅልፍና ምግብ እምቢ ካለው፣ መጠጥ ካበዛ፣ ወይም መኖር ሰልችቶኛል ማለት ከጀመረ፣ ምክርና ቡና አይበቃውም። ብቻውን አትተዉት። አንድ ሰው አብሮት በአቅራቢያ ወዳለው ጤና ጣቢያ ይሂድና የአእምሮ ጤና ሕክምና ይጠይቁ፤ ከዚያ ወደ ሆስፒታል ይጻፍለታል፣ የአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልም አለ። የዚያን ቀን የታክሲውን ቡድኑ ይክፈል፤ ብር አንበዳደርም የሚለው ደንብ እዚህ ላይ አይሠራም።